ድንክ ታራንቱላን በቤት ስለ ማኖር




የሥራ አመራር ኮሚቴው በየዓመቱ ከሚቀርቡት ንግግሮች አንዱ ከሙያችን ወጣ ያለ እንዲሆን መወሰኑ መልካም ሐሳብ ነው። ዕጣው በእኔ ላይ ሲወድቅ ግን ስለ ሸረሪት እናገራለሁ ብሎ የጠበቀ ያለ አይመስለኝም። ርእሱን የመረጥኩት ለቀልድ አይደለም። በገርጂ አካባቢ በኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ወጣት ባልደረባችን ከውጭ አገር ሲመለስ አንዲት ድንክ ታራንቱላ በሻንጣው ይዞ ለመምጣት አስቦ፣ መኖሪያ ሣጥኗን በምን ዘዴ ሊያሞቅ እንደሚችል ጠየቀኝ። ጥያቄው ላይ ላዩን የማሞቂያ ጥያቄ ብቻ ይመስል ነበር። ነገር ግን ለመመለስ ስነሣ የአፈር፣ የፈሳሽ ግፊት፣ የጤናና የሕግ ጥያቄዎች እንደ ድር ተያይዘው መጡ። ለእርሱ የሰጠሁትን መልስ ሰፋ አድርጌ ለሁላችሁም ለማቅረብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በደቡብ ኢጣልያ ታራንቶ የሚባል የወደብ ከተማ አለ። በአካባቢው መሬት ቆፍራ የምትኖር አንዲት ሸረሪት የነከሰችው ሰው እስኪደክመው ድረስ ካልጨፈረ አይድንም ተብሎ ይታመን ነበር፤ ታራንቴላ የሚባለው ጭፈራ ከዚህ ልማድ ጋር ይያያዛል። ሸረሪቷ ግን ጸጉራሟና ግዙፏ ታራንቱላ አልነበረችም፤ ተኩላ ሸረሪት ከሚባለው ወገን ናት። በኋላ አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ እዚያ ያገኟቸውን ትልልቅ ጸጉራም ሸረሪቶች በዚሁ ስም ጠሯቸው፤ ስሙም እዚያው ቀረ። ዛሬ በሳይንስ ታራንቱላ ሲባል ቴራፎሲዴ የሚባለው ቤተሰብ ማለት ሲሆን፣ በውስጡም ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የአፍሪካዎቹን ፈረንጆች «ዝንጀሮ ሸረሪት» ይሏቸዋል፤ የእግራቸው ጫፍ የዝንጀሮ ጣት ይመስላልና። ጭላዳን በቅርብ ለምናውቅ ለእኛ ንጽጽሩ እምብዛም አይገጥምም፤ ስሙን ያወጡት ግን እኛን አላማከሩንም።

ከዚህ ቤተሰብ ትልቋ በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ጎልያድ የምትባለው ስትሆን፣ ከእግር ጫፍ እስከ እግር ጫፍ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ድንኮቹ ደግሞ በሌላው ጫፍ ናቸው። ለምሳሌ ሲሪዮኮስመስ ኤሌጋንስ የምትባለው፣ በቬኔዝዌላና በትሪኒዳድ የምትኖረው፣ አድጋ ከጨረሰች በኋላ እንኳ ከነእግሮቿ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ትሆናለች። ሰውነቷ ብቻውን በአንድ ብር ሳንቲም ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። በሆዷ ጀርባ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ምልክት አለባት፤ ሰዎችም ይህንን ምልክት አይተው ይወዷታል። ከእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ሄትሮቴሌ ቪሎሴላ የምትባለው የታንዛኒያዋ ድንክ አለች። እርሷ እርስ በርስ ሳይበላሉ ተሰብስበው ሊኖሩ ከሚችሉት ጥቂቶች አንዷ ናት። ሌሎቹ ሁሉ እያንዳንዷ ድሯን ለብቻዋ የምታደራ፣ ጎረቤት የማትወድ፣ እኅቷን እንኳ ቢቀርቧት የምትበላ ናት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል በየስብሰባው ስንደጋግመው፣ ሸረሪቷ ራሷ የማኅበር ሰው አለመሆኗን የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም።

እኔ ከዚህች ፍጥረት ጋር የተዋወቅሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን አገር በነበርኩበት ጊዜ ነው። በአንድ ቤት አብሮኝ ይኖር የነበረ ተማሪ ከላይ የጠቀስኳትን ባለ ልብ ምልክቷን ሸረሪት በመጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ያኖራት ነበር። ለገና ዕረፍት ወደ ቤተ ሰቦቹ ሲሄድ ለስድስት ሳምንት ያህል አደራዋን ለእኔ ተወልኝ። የጻፈልኝ መመሪያ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ውኃዋን ሙላ፣ በሳምንት አንድ ትንሽ ፌንጣ ስጣት፣ አትንካት፣ በጀርባዋ ተንጋላ ብታያት እንዳትጥላት የሚል ብቻ ነበር።

አራተኛው ሳምንት ላይ የተባለው ሆነ። ከጥቂት ቀናት በፊት መብላት አቁማ ነበር። አንድ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጉድጓዷ ደጃፍ ባነጠፈችው ስስ ድር ላይ ስምንት እግሮቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ በጀርባዋ ተኝታ አገኘኋት። መመሪያውን ያላነበበ ሰው ሞታለች ብሎ ከቆሻሻ ጋር ይደፋት ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የጀርባዋ ሽፋን እንደ ድስት ክዳን ተከፈተ። ከዚያም እግሮቿን አንድ በአንድ፣ ሰው ጠባብ ካልሲ እንደሚያወልቅ፣ በዝግታ ከአሮጌው ቆዳ ማውጣት ጀመረች፤ ትጎትታለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትጎትታለች። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ነጣ ያለችና ለስላሳ የሆነች አዲስ ሸረሪት ከገዛ ራሷ ቅርፊት ጎን ተኝታ ነበር። አሮጌው ቆዳ የዓይኖቿን ሽፋንና የመንጋጋዋን እሾህ ሳይቀር የያዘ ሙሉ ቅጂ ነው። ዐዋቂዎች የሸረሪቷን ጾታ የሚለዩት ይህንኑ ቆዳ ውስጡን በአጉሊ መነጽር መርምረው ነው። ጾታውን ማወቅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ወንዱ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ሴቷ ግን ብዙ ዓመት ትኖራለች። ከታራንቱላ ጋር በሩቁ የምትዛመድ አንዲት የአውስትራሊያ ጉድጓድ ሸረሪት በተመራማሪዎች ክትትል ሥር 43 ዓመት ኖራ መሞቷ በ2018 እ.ኤ.አ. ተነግሯል። እንግዲህ ሸረሪት የሚያሳድግ ሰው ከአንዳንዱ የቤት ኪራይ ውል የሚረዝም ግዴታ ይገባል ማለት ነው።

አሁን እኛን መሐንዲሶችን በይበልጥ ወደሚመለከተው ነገር ልለፍ። ሸረሪት እግሯን የምታጥፍበት ጡንቻ አላት። በእግሯ ዋና ዋና መገጣጠሚያዎች ላይ ግን እግሯን የምትዘረጋበት ጡንቻ የላትም። የምትዘረጋው በፈሳሽ ግፊት ነው። ከፊተኛው የሰውነቷ ክፍል ደሟን ወደ እግሮቿ ስትገፋ እግሩ ይዘረጋል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ጡንቻው መልሶ ያጥፈዋል። በየግንባታ ቦታችን የምናየው የኤክስካቫተር ክንድ በሁለቱም አቅጣጫ በዘይት ግፊት ይሠራል፤ ሸረሪቷ ግን ግማሹን በጡንቻ፣ ግማሹን በፈሳሽ ታካሂዳለች። የሞተች ሸረሪት እግሮቿ ወደ ሆዷ ተጠቅልለው የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ግፊቱ ጠፍቷል። በዩናይትድ ስቴትስ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሥራ አሳይተዋል። የሞተች ተኩላ ሸረሪት ውስጥ መርፌ አስገብተው ዙሪያውን በማጣበቂያ ከደፈኑ በኋላ፣ አየር ሲገፉ እግሮቿ እንዲከፈቱ፣ ሲለቁ እንዲዘጉ አደረጉ። ይህች የሞተች መቆንጠጫ ከራሷ ክብደት የሚበልጥ ዕቃ ያነሣች ሲሆን፣ ወደ 1,000 ጊዜ ያህል ተከፍታና ተዘግታ አገልግላለች።

ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። በግፊት የሚሠራ ዕቃ ቢቀደድ ሥራው ያበቃል። የመሬት ታራንቱላ ሆዷ በስስ ቆዳ የተሸፈነ ነው፤ ከጠረጴዛ ከፍታ ብትወድቅ ሊፈነዳና ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ በእጅ አትያዝም። ሣጥኗም ከፍ ያለ ሳይሆን ዝቅ ያለ፣ ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ባዶ ቦታም ጥቂት ሊሆን ይገባል። ለማዳ እንስሳ የሚለው ቃላችን መላመድን ይዟል፤ ይህች ግን ለማዳ አትሆንም። ጌታዋን አታውቅም፣ ስትጠራ አትመጣም። መዳበስና መወደድ የሚፈልግ ሰው ድመት ያሳድግ፤ ለመመልከት ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ከዚህች የተሻለ ጎረቤት አያገኝም።

ወደ ባልደረባችን የማሞቂያ ጥያቄ ልመለስ። የእነዚህ ድንኮች አገር ሞቃት ቆላ ሲሆን፣ የሚመቻቸው ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ሙቀት ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የብሎኬት ቤት ውስጡም ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ሌሊት ቤቱ 17 ዲግሪ፣ ሣጥኑ 25 ዲግሪ ይሁን ብለን እናስላ። በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ሣጥን ስድስቱ ገጾች ሲደመሩ 0.24 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ለስስ መስተዋት የሙቀት ማስተላለፊያውን መጠን በካሬ ሜትር በዲግሪ 5 ዋት ብንወስድ፣ በ8 ዲግሪ ልዩነት የሚጠፋው ሙቀት 10 ዋት ያህል ነው። ከአንዲት ትንሽ አምፖል አይበልጥም።

ችግሩ ያለው መብራት ሲጠፋ ነው። በሣጥኑ ውስጥ 4 ኪሎ ያህል እርጥብ አፈር ቢኖርና የአፈሩን ሙቀት የመያዝ ዐቅም በግምት ብናሰላ፣ ማሞቂያው በጠፋ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከስምንቱ ዲግሪ አምስቱ ይጠፋል። በመስተዋቱ ፋንታ፣ ከፊት ለፊቱ በቀር፣ ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ፎም ብንሸፍነው፣ ለማታም የፊቱን ገጽ በተንቀሳቃሽ ክዳን ብንከድነው፣ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 3 ዋት ይወርዳል፤ ያው ቅዝቃዜም ሁለት ሰዓት መፍጀቱ ቀርቶ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማሞቂያ ከመግዛት ፎም መግዛት ይቀድማል ያልኩት ለዚህ ነው። ለቤቶቻችንም ይህንኑ ብናስብ መልካም ነበር፤ እርሱን ግን ለሌላ ንግግር ልተወው።

ማሞቂያው የሚቀመጥበትም ቦታ ወሳኝ ነው። ብዙዎች ከሣጥኑ ሥር ያደርጉታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ ፍጥረት በተፈጥሮዋ ሙቀት ሲበዛባት ወደ ታች ትቆፍራለች፤ በአገሯ ጥልቀት ቅዝቃዜ ማለት ነውና። ሙቀቱ ከታች ከመጣ ግን ከሙቀቱ በሸሸች ቁጥር ወደ ሙቀቱ ትገባለች። ስለዚህ ማሞቂያው በአንድ ጎን፣ ከአፈሩ በላይ መሆን አለበት። ይህ ሲሆን ሌላው ጎን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ የሚሻላትንም ራሷ ትመርጣለች።

ስለ አፈሩም እንዲሁ። ባልደረባችን ከቤቱ ደጅ ጥቁር አፈር ሊሞላበት አስቦ ነበር። በቦሌ ቡልቡላ፣ በሲ.ኤም.ሲ.ና በአያት መሠረት ያወጣ ሰው ሁሉ ዋልካን ያውቀዋል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሕንፃን የሚያነቃንቅ አፈር የሸረሪትን ጉድጓድ ጠብቆ ያቆያል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የሚሻለው የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት የኮኮናት ገለባ ብናኝ ከጥቂት አሸዋና ከቀይ አፈር ጋር ተደባልቆ፣ ጠቅጠቅ ተደርጎ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የሸረሪቷ ነው። ትቆፍራለች፣ አፈሩን በመንጋጋዋ ተሸክማ ታወጣለች፣ ግድግዳውንም በድር ትለስነዋለች። እኛ ዋሻ ስንቆፍር ግድግዳው እንዳይናድ በሲሚንቶ የምንለስነውን፣ እርሷ በክር ትሠራዋለች። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ በሣጥኑ አንድ ማዕዘን ውኃ ቀስ ብሎ ማንቆርቆር ያስፈልጋል፤ ታቹ እርጥብ፣ ላዩ ደረቅ ይሁን።

ስለ ምግቧ ብዙ የሚባል የለም። ፌንጣና በረሮ ትበላለች፤ ለሳምንታት ሳትበላም ትቆያለች። ነገር ግን የቦሌን ወጥ ቤት በረሮ ይዛችሁ እንዳትሰጧት። አብዛኛው ቤት ፍሊት ይነፋበታል፤ በረሮውን ያልገደለው መርዝ እርሷን ይገድላታል።

በቤት ያሉ ሰዎች የሚፈሩት ግን ሌላ ነው። ታራንቱላ መርዝ አላት፤ ንክሻዋም ያማል። የአፍሪካና የእስያዎቹ ንክሻ ከአሜሪካዎቹ ይበልጥ ይከፋል። ሆኖም በታራንቱላ ንክሻ ሰው መሞቱ በሕክምና ተረጋግጦ አይታወቅም። የአሜሪካዎቹ ሌላ መሣሪያ አላቸው፤ በሆዳቸው ላይ ያለውን ጥቃቅን ጸጉር በኋላ እግራቸው እየፋቁ ይበትናሉ፤ ይህም ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ሣጥኑ ቁልፍ ይኑረው ማለቴ ስለዚህ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ የቆየ ክስ ልናገር። አልማዝ ባለ ጭራ የሚባለውን በሽታ ሸረሪት ሸንታበት ነው የሚሉ ብዙ ሰዎች ሰምቻለሁ። ሸረሪት በዚህ ነገር ንጹሕ ናት። በሽታው የሚመጣው በልጅነት ጉድፍ ካስያዘን በኋላ በነርቮቻችን ውስጥ ተኝቶ በሚቆይ ቫይረስ ነው፤ ሰውነት ሲደክም ወይም ዕድሜ ሲገፋ ይነሣል። ሸረሪት ነው ብሎ ቅጠል እየቀባ ቤቱ የሚቆይ ሰው መድኃኒቱ በይበልጥ የሚሠራባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀኖች ያጣቸዋል። በተለይ በዓይን አካባቢ ከወጣ የማየት ኃይልን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህን ክስ ከቤታችን ማስወጣቱ ከሸረሪት ፍቅር ያለፈ ጥቅም አለው።

ስለ ድሯም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ቋንቋችን የሸማኔውን ቋሚ ክርና የሸረሪቷን መረብ በአንድ ቃል ድር ይላቸዋል። ሸማኔው ድርና ማግ አለው፤ ለሸረሪቷ ግን ማግ የሚል ቃል አላዋስናትም። በአየር ላይ ክብ መረብ የሚሠሩት ሸረሪቶች ዋና ክር ጥንካሬው 1 ጊጋ ፓስካል ያህል ነው፤ በየዕለቱ ከምናስረው ፌሮ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ክብደቱ ግን በመጠን ሲነጻጸር ከብረት አንድ ስድስተኛ ነው። በማዳጋስካር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከሚሆኑ ሸረሪቶች ክር ተስቦ የተሠራ ወርቃማ ጨርቅ በ2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ለሕዝብ ታይቷል፤ አራት ዓመት ፈጅቷል። የታራንቱላ ድር ግን ከዚህ ደካማ ነው፤ የእርሷ ክር ለልስንና ለምንጣፍ እንጂ ለመሸከም የተሠራ አይደለም።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው ልምጣ፤ ይኸውም በሻንጣ ይዞ ስለ መምጣት ነው። ባልደረባችን «ይህች ትንሽ ነገር ምን ትጎዳለች?» ብሎኝ ነበር። ትንሽነቷ ነው ችግሩ። በኤፕሪል 2019 እ.ኤ.አ. በማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ ከፖላንድ በተላከ ዕቃ ውስጥ 757 ሕያው ታራንቱላዎች በብስኩትና በአጃ ካርቶኖች ተደብቀው ተይዘዋል። ከሁሉ የሚቀርበን ግን የኬንያው ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ሁለት የቤልጂየም ወጣቶች ወደ 5,000 የሚጠጉ ጉንዳኖች ጥጥ በተወተፈባቸው ጠባብ የመስተዋት ቱቦዎች ውስጥ ይዘው ተገኙ፤ ለአውሮፓና ለእስያ የጉንዳን አሳዳጊዎች ገበያ የሚሄዱ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም 12 ወር እንዲታሰሩ ፈረደ። ዝሆንና አውራሪስ ብቻ የሚሰረቅ ለሚመስለን ሰዎች ይህ ፍርድ ትልቅ ትምህርት ነበር።

አገራችን በዱር እንስሳትና ዕፀዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ የተደረገው፣ ሳይተስ የሚባለው ስምምነት አባል የሆነችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ከታራንቱላዎች ውስጥ የሜክሲኮዎቹ ብራኪፔልማና የሕንድና የስሪ ላንካዎቹ ፖይሲሎቴሪያ በዚህ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ሸረሪቷ ከዝርዝሩ ውጭ ብትሆን እንኳ ነገሩ አያልቅም፤ የዱር እንስሳትን ጥበቃና አጠቃቀም የሚመለከት አዋጅ አለ፣ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም አለ፤ ከመግዛት በፊት ሄዶ መጠየቅ ነው። ቦሌ የአህጉሩ በር ነው። በዚህ በር በየቀኑ የምንወጣና የምንገባ ባለሙያዎች በኪሳችን የምናስገባው ነገር በረዷማ ሌሊታችንን ላይችል ይችላል፤ ነገር ግን ሐዋሳና አርባ ምንጭ ሞቃት ናቸው። የማናውቀው ተባይ ወይም በሽታ አብሯት እንደማይመጣም ዋስ የሚሆን ሰው የለም። ለባልደረባችን በግልጽ አታምጣት አልኩት፤ አላመጣትምም።

ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ባዶ እጁን የሚቀርበት ምክንያት የለም። ታራንቱላ የሚለው ስም በመጀመሪያ የተኩላ ሸረሪት ስም እንደ ነበረ ቅድም ተናግሬአለሁ። ተኩላ ሸረሪቶች በምሥራቅ አዲስ አበባ ሞልተዋል። በጎሮ፣ በሰሚት ማዶ፣ በቦሌ አራብሳ ገና ሕንፃ ባልቆመበት መሬት፣ ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲያጥር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ውጡ። የእጅ ባትሪውን በዓይናችሁ ትክክል፣ ከግንባራችሁ ጎን ያዙት፤ ከወገባችሁ ላይ ብትይዙት አይሠራም፤ ብርሃኑ ከዓይኗ ተመልሶ ወደ መጣበት ስለሚሄድ ዓይናችሁ እዚያው መሆን አለበት። ያን ጊዜ በሣሩ ውስጥ እንደ ጤዛ የሚያበራ አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ። ቀስ ብላችሁ ስትጠጉት ሸረሪት ይሆናል። አንዳንዷ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አስራ ትጎትታለች። ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ ልጆቿን በጀርባዋ ያዘለች እናት ታገኛላችሁ፤ በዚያን ጊዜ ከአንድ ነጥብ ዙሪያ በጣም ጥቃቅን የሆኑ ብዙ ብርሃኖች ይታያሉ። አንዲቱን ለጥቂት ቀናት ለመመልከት የምትፈልጉ ከሆነ ያለ ልጆች ያለችውን ምረጡ፤ ሰፊ አፍ ያለው ማሰሮ፣ ሦስት ጣት አፈር፣ ጥቂት ደረቅ ሣርና በጠርሙስ ክዳን ውኃ ይበቃታል፤ ማሞቂያ አያስፈልጋትም፣ የቦሌን ብርድ ከእኛ በፊት ታውቀዋለች። ከሳምንት በኋላ ከወሰዳችሁበት ቦታ መልሳችሁ ልቀቋት።